ባለ አንድ ዓይኑ ሰፊ ሕዝብ

ሰው በአፉ ይጠፋል ሲባል ስሰማ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር። ለእኔ መሆኑ የገባኝ በደርግ ጊዜ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ የቀበሌያችን ስብሰባ ላይ ነው። የቀበሌውን ቁጥር አልነግራችሁም። ሽቅብ ወደ ፒያሳ፣ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚያይ ሰፈር ነው ካልኳችሁ ይበቃል። አራዳ ያደገ ያውቀዋል፤ ያላደገ ቢነገረውም አያገኘውም።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ከአብዮቱ በፊት ከፒያሳ እስከ ድልድዩ ድረስ የእኔ እጅ ያላረፈበት የቡና ቤት በር አልነበረም። ለአንድ የጥርስ ሐኪም የሳልኩትን ጥርስ አይተው ሥጋ ቤት መስሏቸው እየገቡ ግማሽ ኪሎ የጠየቁ ሰዎች ነበሩ ይሉኛል። ሐሜት ነው። የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጠጥቶ ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ ታፔላ የሚያጽፍ ጠፋ። ባለሱቁ ሁሉ እንኳን ስሙን በትልቁ ሊያጽፍ፣ የነበረውንም የሚያጠፋለት ሰው ይፈልግ ጀመር። ለእኔ የተረፈኝ መፈክር ነው። መፈክር ደግሞ ፊደል ብቻ ነው፤ ሥዕል የለውም። ያለ የሌለ ጥበቤን የማወጣው ቃለ አጋኖው ላይ ነበር፤ እንዲያውም «የእሱ ቃለ አጋኖ ቁመናው!» እየተባለ እወደስ ነበር። እንዲህ ያለ ውዳሴ ነው እንግዲህ ሰውን የሚያጠፋው።

የዚያን እሑድ ስብሰባ የተጠራው ስለ መዋዕለ ሕፃናታችን ነው። መዋዕለ ሕፃናቱን ያቋቋሙት የሰፈሩ እናቶች ናቸው። አንዷ ጉሊት ትውላለች፣ አንዷ ፋብሪካ፣ አንዷ ቢሮ ታጸዳለች፤ ልጆቻቸውን ቀን ቀን የሚያውሉበት ሲያጡ ባለቤቱ ጥሎት የሄደ አሮጌ ቤት ከቀበሌው ለመኑና ጠርገው ገቡበት። የሚጠብቋቸው እትዬ ሽታዬ ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም፣ ቁጣ ግን ለአገር የሚበቃ አላቸው። የእኔም ትንሿ ልጅ ሚሚ እዚያው ነበር የምትውለው። እናቷ ሥራ ስትሄድ፣ እኔ መሰላል ላይ ስወጣ፣ እሷን የሚይዝልን ሌላ ሰው አልነበረንም።

ችግሩ ጣሪያው ነው። ፀሐይ ሲሆን ፀሐዩን፣ ዝናብ ሲሆን ዝናቡን ያስገባል። ባለፈው ክረምት ግማሾቹ ልጆች ሳል ይዟቸው ከረሙ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዳምጤ ተነሣና ዘንድሮ ከዝናብ በፊት አዲስ ቆርቆሮ ካልተገኘ ልጆቹ እንደሚበተኑ፣ ቤቱም የቀበሌው አሮጌ ብረት ማከማቻ እንደሚሆን ተናገረ።

«ብረት ጉንፋን አይዘውም» አለ።

«ይዝጋል እንጂ!» አሉ እትዬ ሽታዬ ከኋላ።

ጓድ ዳምጤ እንዳልሰማ ሆኖ ቀጠለ። ዳምጤ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ለእኔም አንድ እግሩ ያጠረ ሱሪ ሰፍቶልኛል። ያኔ «አንተ» ነበር የምለው። ሊቀመንበር ሲሆን «እርስዎ» አልኩት፤ ሱሪው ግን እንዳጠረ ቀረ። እናም ዳምጤ እንዳለው፣ ከቀበሌ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከፍተኛ ከምንለው፣ ለላብ አደሮች ቀን እንግዶች ይመጣሉ። ቀበሌዎቹን እየዞሩ ያያሉ። ቆርቆሮ የሚፈቅዱትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ የመዋዕለ ሕፃናቱ አጥር ግንብ ላይ ሰፊው ሕዝብ ወደፊት ሲራመድ የሚያሳይ ሥዕል ቢኖር፣ እንግዶቹ ቆም ይላሉ፤ ቆም ካሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከገቡ ጣሪያውን ያያሉ።

«ታዲያ ማን ይሥላል?» አለ ዳምጤ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አንደበቴ ግን ቀደመኝ። ብድግ አልኩና፣ «እኔ በነፃ እሥላለሁ! አራዳ አይቶት የማያውቅ ሥዕል ነው የምሥለው! በሥዕሉ ምክንያት ቆርቆሮው ካልመጣ ሁለተኛ ብሩሽ አልይዝም!» አልኩ። ጭብጨባው ቀለጠ። የመጀመሪያውን ብዬ ብቀመጥ በቂ ነበር፤ የመጨረሻውን ማን ጠየቀኝ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃለ ጉባዔ ላይ ጻፉት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «የቤታችንን በር ቀለም ቀባልኝ ካልኩህ ሦስት ዓመቴ» አለች። እኔም ብሩሼን ልፈልግ ወጣሁ።

ሦስት ሳምንት ነበረኝ። ቀበሌው ቀለም ሰጠኝ፤ ቀይ ብቻ። በቀይ ብቻ የተሣለ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። በዚያ ጊዜ ደግሞ ማንም ሊያስበው አይፈልግም ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮ ጣሳዬን ይዤ ልመና ወጣሁ። አንድ ባለ ታክሲ መኪናውን ቀብቶ የተረፈውን ሰማያዊና ነጭ ሰጠኝ። የሬሳ ሣጥን የሚሠራው ጎረቤታችን ቡናማና ጥቁር ሰጠኝ፤ «አንተ ስትሞት ሣጥንህ የሚቀባበትን ነው የወሰድከው» ብሎ መረቀኝ። ድልድዩ አጠገብ ምስማርና መጋዝ የሚሸጡት የወሎው ጋሽ ሁሴን ደግሞ ቢጫና አንድ ጠርሙስ አኳራጅ አወጡልኝ፤ አኳራጅ ከሌለ ቀለሙ አይቀጥንም፣ ብሩሹም አይጸዳም።

«ለልጆቹ ከሆነ ሶደቃ ነው። ብቻ አሳምረህ ሣልልኝ» አሉኝ።

«ጋሽ ሁሴን፣ እርስዎ እኔን ያውቁኛል።»

«እሱማ ነው ያሳሰበኝ» አሉ።

ዳምጤ ከወዳጅ አገር የመጣ መጽሔት ሰጠኝና «እንዲህ ነው የምንፈልገው» አለኝ። መጽሔቱ ላይ አራት ሰዎች አገጫቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዳሉ። ሁሉም በጎን ነው የሚታዩት፤ ማንም ወደ እኛ አያይም። ወደፊት ነዋ የሚያዩት! እኔም ላብ አደሩን መዶሻ አስያዝኩ፣ ገበሬውን ሰፊ የሰንበሌጥ ባርኔጣ ደፋሁለት፣ ወታደሩን ጠመንጃ አሸከምኩ፣ አንዲት እናት ደግሞ ሕፃኗን እንዳቀፈች አቆምኩ። አራቱም ግንቡን ሞልተው፣ በጎን፣ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ገሠገሡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ውዬ ስጨርስ ከመንገዱ ማዶ ተሻግሬ አየሁትና በገዛ እጄ ሥራ ዕንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ቂልነት ከተፈጥሮ እንጂ ከትምህርት አይገኝም።

ሰኞ ጠዋት ሚሚን እጇን ይዤ ላሳያት ወሰድኳት። «አባባ የሣለውን እዪው!» አልኳት። ቀና ብላ አየች። ከዚያ ጮኸች። ጩኸቱ ጊዮርጊስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እግሬ ላይ ተጠመጠመችና «ሰይጣን! ሰይጣን!» አለች። ከኋላችን የሚመጡት ልጆች ደግሞ እሷን ሰምተው ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ይይዛል! አንዱ ወደ ድልድዩ፣ አንዱ ወደ እናቱ ቀሚስ፣ አንዱ ወደ ጋሽ ሁሴን ሱቅ ሮጠ።

እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን እያጣፉ ከውስጥ ወጡ። ግንቡን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አንተ፣ ለመሆኑ ክርስቲያን ነህ?»

«ምነው እትዬ ሽታዬ?»

«ዓይናቸውስ?»

«ይኸው አለ እኮ።»

«አንዱ ነዋ! ሌላውን የት አደረስከው?»

«በዚያ በኩል ነው። ወደፊት ስለሚያዩ አይታይም።»

«በዚያ በኩል ማለት ግንቡ ውስጥ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ደግሞ ማወቅ የነበረብኝ የመጀመሪያው ሰው ነኝ! ሥዕል ያስተማሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ሰይጣንና ጌታን የካደው፣ በጦር የወጋውና የገረፈው ሁሉ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ሲያይ ያደገው ይህንን ነው። «ይኼ ርኩስ ነው፣ እሱን እንዳታይ» እየተባለ። እኔ ደግሞ በዘመናዊነት ሰክሬ፣ ላብ አደሩን፣ ገበሬውን፣ ወታደሩን፣ ባለ ሕፃኗን እናት ሳይቀር አራት ግዙፍ ርኩሳን አድርጌ የልጆቹ በር ላይ አቁሜአቸዋለሁ።

ጋሽ ሁሴን ወደ እሳቸው የሮጠውን ልጅ አቅፈው መጡና ቆመው ተመለከቱ። «እኔ በሥዕል አልፈርድም፤ ቤታችንም ሥዕል የለም» አሉ። «ግን ገበሬው ሱቄን ሊሰርቅ የሚመጣ ይመስላል።»

ሦስት ቀን አንድም ልጅ በዚያ በር አልገባም። እናቶቹ የሚያደርጉት ጠፋቸው፤ ጉሊት የምትውለዋ ልጇን ሽንኩርት መሃል አስቀምጣ ስትሸጥ አየኋት፣ የእኔዋ ባለቤት ከሥራ ቀረች። ዳምጤ ደግሞ መጣና ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብሎ አየ። «ልጅ ከሌለ ምኑ መዋዕለ ሕፃናት ይባላል? ብረቱን እናስገባ» አለ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ ቤቱን ላድን የጀመርኩት ሥዕል ቤቱን ሊዘጋ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እኔን ግን እልህ ያዘኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

አራቱንም ጭንቅላት በኖራ አጠፋሁና እንደገና ሣልኳቸው፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ሁለት ዓይን። ደግሞ ለማካካስ ብዬ ዓይኖቹን ትልልቅ አደረግኋቸው። እጄም የለመደውን ሠራ፣ አስተማሪዬ ያስተማሩኝን። ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ መጡ፣ ቆመው አዩ፣ ሳይጮኹ ገቡ። ሚሚ ገበሬውን በእጇ ሰላም አለችው። ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ ጀነራል ነበርኩ።

ጀነራልነቴ እስከ እሑድ ቆየ። እሑድ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት ባልቴቶች ግንቡ አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ። አማተቡ። ከዚያ አንደኛዋ ጠጋ ብለው ግንቡን ሳሙ! እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አያለሁ።

«ይቺ እመቤታችን ናት ከነልጇ» አሉ አንደኛዋ።

«ይኼ መዶሻ የያዘውስ?»

«ዮሴፍ ነዋ፤ አናጢ አልነበረም?»

ሮጬ ተሻገርኩ። «እናቶቼ፣ ይኼ ላብ አደር ነው!» አልኳቸው።

«እሱስ ላቡን አንጠፍጥፎ ያደረ ጻድቅ ነው» አሉኝ፤ እንደገና ሳሙት።

ዞር ብዬ ሥራዬን አየሁ። እውነታቸውን ነው። የገበሬው ክብ ቢጫ ባርኔጣ፣ ፊቱ ወደ እኛ ሲዞር፣ ከራሱ ዙሪያ የሚያበራ አክሊል ሆኗል። ወታደሩ ቅዱስ ሚካኤል ሆኗል። ብዙ ያለኝ ቀለም የታክሲው ሰማያዊ ስለነበር የእናቲቱን ልብስ ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። ሰኞ ግንቡ ሥር ጧፍ ተለኩሶ ተገኘ። ማክሰኞ አንዲት ሴት ልጇ እንዲድንላት ስለት ተሳለች። ረቡዕ ዳምጤ መጣ፤ ሲመጣ ፊቱ ከቀለሜ ሁሉ ቀይ ነበር።

«ግንቡን ቤተ መቅደስ አደረግኸው! ከፍተኛ ቢሰማ ምን ይሉኛል? አንተስ የት እንደምትገባ ታውቃለህ?»

አወቅሁ። በዚያ ጊዜ ሰው የት እንደሚገባ የሚጠፋው አለ እንዴ!  በዚያው ማታ ስብሰባ ተጠራና ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ፤ ራስህን በሕዝብ ፊት ውቀስ ማለት ነው። ተነሣሁና «እኔ ለገበሬው ሁለት ዓይን በመስጠቴ ራሴን እወቅሳለሁ» አልኩ። «ለሁሉም እኩል ነው የሰጠኸው ወይስ ለገበሬው ብቻ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ለሁሉም እኩል መሆኑን አረጋግጬ ተቀመጥኩ።

ዳምጤ ግንቡ ኖራ ተቀብቶ መፈክር ብቻ ይጻፍበት ሲል እንዴት እንደሆነ አላውቅም እንደገና ተነሣሁ። ልጄ ገበሬውን ሰላም ያለችበት እጅ ዓይኔ ላይ ነበር። «መፈክርማ ሁሉም ቀበሌ አለው፤ ለመፈክር ብለው አይቆሙም፣ ካልቆሙ ጣሪያውን አያዩም። አስተካክለዋለሁ» አልኩ። የቀረኝ አምስት ቀን ነው።

በሁለት ቀን ሦስተኛውን ሣልኩ። ሰውነታቸው በጎን፣ እግራቸው ወደፊት ይራመዳል፤ ፊታቸውን ግን ዞር አደረግሁት፣ ሁለቱም ዓይን እንዲታይ። የገበሬውን ባርኔጣ እጁ ላይ አስያዝኩት፤ እናቲቱን አረንጓዴ አለበስኳት። ልጆቹ አይፈሩም፣ ባልቴቶቹም አይስሙም። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ! ብዬ ዳምጤን ራሴ ጠራሁት።

ዳምጤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ረዥም ጊዜ አየው። አንድ ጊዜ መጽሔቱን፣ አንድ ጊዜ ግንቡን።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ወደፊት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወዴት ነው የሚያዩት?»

አየሁ። አላስተዋልኩትም ነበር፣ ወላዲተ አምላክን! ፊታቸውን ዞር ሳደርገው ወደ ኋላ ነው የዞረው።

«ወደ… ወደ ኋላ።»

«ከአንገቱ በታች ተራማጅ፣ ከአንገቱ በላይ አድኃሪ!» ብሎ ጮኸ። «ሰፊው ሕዝብ ያለፈውን ሥርዓት ናፍቆ ዞሮ ሲያይ ሣልክ እኮ!»

ነጭ ቀለም አልቋል። ቡናማው አልቋል። አኳራጁ ጠርሙሱ ሥር ደርሷል። ቅዳሜ ነው፤ እንግዶቹ የሚመጡት ሰኞ ነው። አራት ጭንቅላት አራተኛ ጊዜ ለመሣል ቀለም ቢኖር እንኳ ግንቡ ራሱ አይሸከምም፤ ጭንቅላቶቹ ከመደራረባቸው ብዛት አብጠዋል። ዳምጤ ነገ ኖራ እንደሚያስቀባው ነግሮኝ ሄደ። መሰላሌ ሥር ተቀመጥኩ። አለቀልኝ፣ ልጄንም እዚያ ቤት ማዋሌ በቃ ቀረ፣ ብዬ አዘንኩ፤ እውነቴን ነው፣ ከልቤ አዘንኩ።

እንደ ተቀመጥኩ እትዬ ሽታዬ ልጆቹን ይዘው ወጡ። ወደየቤታቸው ሲያደርሷቸው ሁልጊዜ ከፊት ይሄዳሉ፤ ልጆቹ አንዱ የሌላውን ሸሚዝ ይዞ በሰልፍ ይከተላል። ታክሲና ሰው የሚተራመስበት መንገድ ነውና እትዬ ሽታዬ በየሦስት እርምጃው ዞር ይላሉ። ወደፊት ይሄዳሉ፣ ዞር ይላሉ፤ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ዞር ይላሉ። አንዴ እሳቸውን አየሁ፣ አንዴ ግንቤን አየሁ። ብድግ አልኩ።

ጋሽ ሁሴን ጋ ሮጥኩ። ሱቁን እየዘጉ ነበር። «የመጨረሻ ነው ጋሽ ሁሴን፣ የአላህ ያለህ፣ ያለውን ሁሉ!» አልኳቸው። አላንገራገሩም፤ የደረቀውን፣ የተበጠበጠውን፣ ስሙ የማይታወቀውን ቀለም ሁሉ ከመደርደሪያ ሥር ጎትተው አወጡልኝ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሣልኩ። ከአራቱ ሰዎች በስተኋላ፣ ከግንቡ ባዶ ጫፍ ጀምሬ፣ ልጆች፤ አንዱ የአንዱን ሸሚዝ የያዘ፣ ረዥም ሰልፍ። ቀለሙ ከየትም የተለቃቀመ ስለሆነ ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት አልለበሰም። አንዷ ጫማዋ ወልቆባት ጎንበስ ብላለች፣ ሚሚ ናት። ዳምጤ ኖራውን አሸክሞ ሲመጣ እኔ የመጨረሻውን ልጅ አፍንጫ እየሠራሁ ነበር።

«ይኼ መጽሔቱ ላይ የለም» አለ።

«የለም» አልኩ።

ኖራውን ያስቀባ ይሆን፣ ያስቀረው ይሆን እያልኩ ብሩሼን እንደያዝኩ ጠበቅሁት። ትከሻውን ሰበቀና «ስሜን እንዳትጠራ፤ የሚጠየቅበት አንተ ነህ» ብሎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እንግዶቹ መጡ። ሰፈርተኛው ሁሉ ግንቡ ፊት ተኮልኩሏል፤ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። የእንግዶቹ አለቃ መነጽር ያደረገ፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ ነው። የሚጮኸውን አልፈራም፤ እንደዚህ ያለውን ነው የምፈራው። ግንቡ ፊት ቆመ። እንዳሰብነው ቆመ። ግን ቆሞ ቀረ።

«እነዚህ ለምንድነው ወደ ኋላ የሚያዩት?» አለ።

ዳምጤ ፈጥኖ ቀደመ። «ጓድ፣ ስሕተቱ ተለይቷል! የሠራው ሰውም እዚሁ አለ፣ ግለ ሂስ ያደርጋል» ብሎ በጣቱ አመለከተኝ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ አሉ። እስካሁን ስናገር ደፋር መስዬአችሁ ይሆናል፤ ያኔ ግን ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ባለቤቴ ከኋላ ኮቴን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር።

ከሕዝቡ መሃል እትዬ ሽታዬ ወጡ። ማንም አልጠራቸውም።

«ልጆቹን ነዋ የሚያዩት!» አሉ። «አይታይህም እንዴ፣ ልጄ? ልጁን ኋላ ጥሎ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ወደፊት የሚሄድ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

 እትዬ ሽታዬ አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጠዋት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም፤ የት እንዳለ የሚነግራቸውም አላገኙም። ያን ጊዜ በእኛ ሰፈር እንዲህ ያልሆነ ቤት ጥቂት ነበር። ይህንን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል፤ ግን በአደባባይ የሚያነሣው አልነበረም። አሁንም እሳቸው ስለ ልጃቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ግንቡ ነው የተናገሩት። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ጠረገው፣ መልሶ አደረገው፣ እንደገና አውልቆ ጠረገው። ከዚያ ሥዕሉን ሳይሆን ፊቱ የቆሙትን፣ እናቶቻቸውን የያዙትን ልጆች፣ አንድ በአንድ አየ። «ቤቱን አሳዩኝ» አለ። እትዬ ሽታዬ ከፊት ገቡ፣ እሱ ተከተለ። ውስጥ ገብቶ ቀና ሲል ፀሐዩ በጣሪያው ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ ፊቱ ላይ ነጥብ ነጥብ አለ።  ሲወጣ ዳምጤን «ዝናቡ ሳይጀምር» ብቻ አለው።

ቆርቆሮው በግንቦት መጨረሻ መጣ። ምስማሩን ጋሽ ሁሴን ሰጡ፤ መሰላሉ የእኔ ነው። ዳምጤም ሸሚዙን አውልቆ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲመታ ዋለ፤ ሐሜቴ እንዳለ ሆኖ ለዚያ ቀን ምስጋና ይገባዋል።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለው በሰኔ ነው። ሚሚን ልወስድ በጭቃው ላይ እየተንሸራተትኩ ስደርስ አዲሱ ቆርቆሮ ሰማዩ የወደቀበት ይመስል ይጮሃል፤ ልጆቹ ሲዘምሩ አፋቸው ብቻ ነው የሚታየው። እትዬ ሽታዬ በልማዳቸው ክፍሉ መሃል ላይ ሳፋ አስቀምጠዋል፤ አምስት ስድስት ልጆች ሳፋውን ከበው ተቀምጠዋል፣ ጠብታው እስኪወድቅ ይጠብቃሉ። ሚሚ ጣቷን ሳፋው ውስጥ ከትታ አወጣችና ደረቁን ጣቷን አሳየቻቸው።

እትዬ ሽታዬ ጣቷን አዩ፣ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ሳፋውን አነሡት፤ ገለበጡትና ተቀመጡበት። ከዚያ ሳቁ። ልጃቸው ከወጣ ወዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር። ዝናቡ እየጮኸ ስለነበር ድምፃቸውን አልሰማሁትም፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥና ጥርሳቸው ሲታይ ግን አይቻለሁ።